ስለ ሥልጣንና ስለ ሕሊና ሞት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ሥልጣን ከእግዚአብሔር የሚሰጥ አደራ መሆኑን ቅዱሳት መጻሕፍት ያስተምሩናል። አደራ የተቀበለ ሰው ደግሞ አደራውን የሚጠብቅበት ኃይል ያስፈልገዋል፤ ይኸውም ሕሊና ነው። ሕሊና እግዚአብሔር በሰው ልብ ውስጥ ያቆመው ዳኛ ነው፤ ሌላ ዳኛ በሌለበት ይፈርዳል፥ ሌላ ምስክር በሌለበት ይመሰክራል። ተራ ሰው ሕሊናውን ቢያጣ ጐረቤቱ ይጐዳል፤ ባለሥልጣን ሕሊናውን ቢያጣ ግን አገር ይጐዳል። በዚህ ጽሑፍ ሕሊና ከሥልጣን ሲለይ የሚሆነውን፥ እንዲህ ያለውም ሥልጣን በምን እንደሚታወቅ፥ በዚያም ጊዜ የካህኑና የምእመኑ ድርሻ ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እናስረዳለን።

ታላቅ ግፍ በተፈጸመ ቍጥር ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው። በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረ ሰው ይህን እንዴት ሊያደርግ ቻለ? ይላሉ። ለጥያቄውም ሁለት ቀላል መልሶች ይሰጣሉ። አንዳንዶች «ሰውዬው እብድ ነበረ» ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ «ሰው አልነበረም፥ ሰይጣን ነበረ» ይላሉ። ሁለቱም መልሶች ልብን ያሳርፋሉ፤ ሁለቱም ግን እውነቱን ይሸፍናሉ። እብድ የሚያደርገውን አያውቅም፤ ግፈኛው ገዥ ግን የሚያደርገውን ያውቃል፥ ይመክርበታል፥ በመዝገብ ያስጽፈዋል፥ ቀንም ይቈርጥለታል። ሰይጣን ነው ብንልም ከሰው ባሕርይ ውጭ አወጣነው ማለት ነውና፥ ከእርሱ ታሪክ የምንማረው፥ ስለ እርሱም የምንጠየቅበት ነገር እንደሌለ ቈጥረን እንደ ጲላጦስ እጃችንን እንታጠባለን።

የቤተ ክርስቲያን አባቶች ግን ሌላ መንገድ አሳይተውናል። ታላቁ ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አለመሆኑን ባስተማረበት ድርሳኑ እንዳስረዳው፥ ክፋት ራሱን የቻለ ባሕርይ የለውም፤ ዕውርነት የዓይን ብርሃን መጥፋት እንደ ሆነ ሁሉ ክፋትም የበጎ ነገር መጥፋት ነው። ስለዚህ በግፈኛው ሰው ውስጥ ከሰው የተለየ ምን ነገር ተጨመረ? ብለን ከመጠየቅ ይልቅ፥ ሰው ሁሉ ሊኖረው ከሚገባው ምን ጐደለ? ብለን ብንጠይቅ ወደ እውነቱ እንቀርባለን።

ስለ ተሰወረው ደዌ

የነፍስንና የአእምሮን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት ከዚህ ጥያቄ ጋር ከተገናኙ ሁለት መቶ ዓመት አልፎአል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፊሊፕ ፒኔል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1801 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፥ ማሰብም ሆነ መናገር ሳይሳናቸው በቍጣና በግፍ የሚነዱ ሕሙማን እንዳሉ ገለጸ። በ1941 ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም ሐርቪ ክሌክሊ ይህን ነገር በሰፊው ጻፈ፤ ለመጽሐፉም የጤነኝነት ጭምብል የሚል ትርጕም ያለው ስም ሰጠው። እንዲህ ያለው ሰው በውጭ ሲያዩት ከጤነኛም የበለጠ ጤነኛ ይመስላል፤ ንግግሩ የታረመ፥ ፊቱ የተረጋጋ፥ አቀራረቡ የሚማርክ ነው። ከጭምብሉ በስተኋላ ግን የሌላውን ሰው ሕመም እንደ ሕመም የሚሰማ ልብ የለም። ከዚያ በኋላ በካናዳ ሮበርት ሔር የሚባሉ ሊቅ 20 ምልክቶች ያሉት መመርመሪያ አዘጋጁ፤ በ1991 አሻሽለው ያሳተሙትም ይህ መመርመሪያ በብዙ አገሮች ይሠራበታል። በዚህ ደዌ የሚያዘውን ሰው በባዕድ ቋንቋ «ሳይኮፓት» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ ግን ሕሊና ቢስ ብንለው ነገሩ ይገለጣል።

ከምልክቶቹ ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፤ ላይ ላዩን የሚያምር አንደበት፥ ራስን ያለ ልክ ከፍ ማድረግ፥ ያለ ኀፍረት መዋሸት፥ ሰውን እንደ ዕቃ መጠቀም፥ ርኅራኄን ማጣት፥ ከሁሉም ይልቅ ጸጸት የሌለው መሆን፥ ለጥፋቱም ዘወትር ሌላውን ተጠያቂ ማድረግ። ሊቃውንቱ በግምት ከ100 ሰዎች አንድ ያህሉ እንዲህ ያለ ጠባይ እንዳለው ይናገራሉ። ከእነዚህም የሚበዙት ነፍስ ሳይገድሉ፥ ሥልጣንም ሳይዙ የሚኖሩ ናቸው። የጠባዩ መነሻ በከፊል ከተፈጥሮ፥ በከፊልም ከአስተዳደግ እንደ ሆነ ይነገራል።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር ማስጠንቀቅ ይገባናል። መጀመሪያ፥ ይህን ስም ማንም ተነሥቶ የማይወደውን ሰው የሚሰድብበት አይደለም፤ የመለየቱ ሥራ ባለሙያውን፥ ብዙ ጊዜንና ብዙ ምርመራን ይጠይቃል። ሁለተኛ፥ ጠባዩ ከተፈጥሮ ነው መባሉ ከፍርድ አያድነውም። ግፈኛው ሥራውን በሌሊት ይሠራልና፥ መቃብሩን ይሸፍናልና፥ መዝገቡን ያቃጥላልና፤ የሚሸሽግ ሰው የሠራው ነገር ክፉ መሆኑን ያወቀ ሰው ነው። ማወቁ ሳይጠፋ ማዘኑ ብቻ ጠፍቶአል።

ዶግ እንዴት እንደሚነግሥ

እንዲህ ያለው ሰው እንዴት ከሰው ሁሉ በላይ ሊወጣ ይችላል? የሚል ሰው መጽሐፈ መሳፍንትን ይመልከት። የጌዴዎን ልጅ አቤሜሌክ መንገሥ በፈለገ ጊዜ ወደ እናቱ ዘመዶች ወደ ሴኬም ሄዶ የሥጋ ዝምድናውን አስታወሳቸው፤ ሰባው ወንድሞቹ ከሚገዟቸው ይልቅ የሚዛመዳቸው እርሱ ብቻውን ቢገዛቸው እንደሚሻላቸው አሳመናቸው። እነርሱም ከበኣልብሪት ቤት 70 ብር አውጥተው ሰጡት፤ በዚያም ብር ሥራ ፈት ወንበዴዎችን ቀጥሮ ወንድሞቹን በአንድ ድንጋይ ላይ ዐረዳቸው። ተሸሽጎ የተረፈው ታናሹ ኢዮአታም ብቻ ነበረ። ኢዮአታምም በገሪዛን ተራራ ራስ ላይ ቆሞ የዛፎችን ምሳሌ ነገራቸው፤ ዛፎች ንጉሥ ሊያነግሡ ወጥተው ወይራውን፥ በለሱንና ወይኑን ቢለምኑ ሦስቱም በየፍሬያቸው አመካኝተው እንቢ አሉ፤ በመጨረሻ ፍሬ የሌለውን እሾኻማውን ዶግ ለመኑት፥ እርሱም ያለ ማመንታት እሺ አለ፤ ከጥላው በታች እንዲጠለሉም በእሳት እያስፈራራ ጋበዛቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሕሊና የሌለው ሰው የሚወጣበት መሰላል ሁሉ ይገኛል። ፊተኛው ደረጃ የዘር መለያየት ነው፤ አቤሜሌክ ስለ ጽድቅ አልተናገረም፥ ስለ ሥጋና ስለ ዐጥንት ተናገረ እንጂ። ሁለተኛው ደረጃ ከመስገጃ ቤት የወጣ ገንዘብ ነው፤ ብሩ ከንግድ ቤት ሳይሆን አምልኮ ከሚፈጸምበት ቤት መጣ። ሦስተኛው ደረጃ ዓላማ የሌለውን ጐልማሳ በገንዘብ መግዛት ነው። አራተኛውና የሚያሳዝነው ደረጃ ግን የመልካሞቹ ዛፎች መሸሽ ነው። ወይራው ስለ ዘይቱ፥ በለሱ ስለ ጣፋጭነቱ፥ ወይኑ ስለ ደስታው ተጨንቀው ቦታውን ባዶ ተዉት። በአገራችንም ፖለቲካንና ኮረንቲን በሩቁ እየተባለ ይነገራል። ጨዋ ሰው ሁሉ ይህን ብሎ ቢሸሽ ቦታው ባዶ አይቀርም፤ ዶጉ ይቀመጥበታል። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል የሚለውም አነጋገር፥ ሥልጣን አደራ መሆኑ ቀርቶ መብል ሲሆን ሕዝቡ ራሱ ለሕሊና ቢሱ ሰው መንገድ እንደሚጠርግለት ያሳያል።

ከዚህም ጋር በጭንቅና በድንጋጤ ዘመን የሰው ዓይን ይታለላል። ፍርሃት የማያውቀው ሰው ጀግና ይመስለዋል፤ የሚዋሸው ሰው አንደበተ ርቱዕ ይመስለዋል፤ የማያዝነው ሰው ቈራጥ ይመስለዋል። ጉድለቱ ሁሉ እንደ ችሎታ ይቈጠርለታል።

ብቻውን አይገድልም

ነገር ግን ሕሊና ቢስ ሰው አንድ ነው፥ ሁለት እጅም ብቻ አለው። የብዙ ሰው ደም የሚፈሰው ሕሊና ያላቸው ሰዎች እጃቸውን ሲያበድሩት ነው።

የናቡቴን ነገር እናስብ። አክዓብ የወይኑን ቦታ ፈለገ፤ ኤልዛቤልም ደብዳቤ ጽፋ በንጉሡ ማኅተም አተመች። ደብዳቤው ግን ድንጋይ አያነሣም። የኢይዝራኤል ሽማግሌዎች ደብዳቤውን ተቀብለው አነበቡ፤ ጐረቤታቸው ናቡቴ በደል እንደሌለበት እያወቁም እንደ ታዘዙት ጾም ዐወጁ፤ ናቡቴን በሕዝቡ ፊት አስቀመጡት፤ ሁለት የሐሰት ምስክሮች አቆሙ፤ ከከተማም አውጥተው ወገሩት። ካህናት ሆይ፥ በዚህ ስፍራ ቆም ብለን እንመልከት። የግድያው መጋረጃ ጾም ነበረ። እግዚአብሔርን ለመለመን የታዘዘው ሥርዓት ንጹሕ ሰው ለሚገደልበት ሸንጎ መክፈቻ ሆነ።

በእኛ ዘመን ቅርብ የሆነውንም ታሪክ ስንመለከት ይኸው ይገኛል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኑርምበርግ ከተማ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከኅዳር 1945 እስከ ጥቅምት 1946 ዓ.ም. የናዚ ጀርመን ሹማምንት ተከሰው በዓለም ፊት ተዳኙ። በእስር ቤት ሳሉ የሥነ ልቡናው ሊቅ ጉስታቭ ጊልበርትና ሐኪሙ ዳግላስ ኬሊ መረመሯቸው። ከተከሳሾቹ እብድ የሚባል አልተገኘም ለማለት ይቻላል፤ በአእምሮ ፈተና የሚበዙት ከተራው ሰው በላይ ሆኑ፥ ኸርማን ጐሪንግም 138 አገኘ። ሁለቱ መርማሪዎች ግን በአንድ ነገር ተለያዩ። ጊልበርት በጐሪንግና በመሰሎቹ ዘንድ የሌላውን ሕመም አለመካፈል የሚባለውን ደዌ አየ፤ ኬሊ ደግሞ እንዲህ ያሉ ሰዎች በማንኛውም አገር ይገኛሉ፥ ዕድል ባገኙ ጊዜ ይወጣሉ ብሎ አስጠነቀቀ። እኛ ስናየው ሁለቱም የእውነቱን ገጽ ተካፍለዋል።

በ1961 በኢየሩሳሌም የተዳኘው አዶልፍ አይክማን እልፍ አእላፋት አይሁድን ወደ መግደያ ስፍራ የሚያደርሱትን ባቡሮች ያሰናዳ ሹም ነበረ። መልሱም የበላዮቼን ትእዛዝ ፈጸምሁ የሚል ነበረ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በይል ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ሚልግራም የሚባል ሊቅ አንድ ፈተና ጀመረ። ተራ ሰዎችን ሰብስቦ፥ ከግድግዳ ማዶ ያለው ተማሪ በተሳሳተ ቍጥር ኃይሉ እየጨመረ በሚሄድ ኤሌክትሪክ እንዲቀጡት አዘዛቸው። ኤሌክትሪኩ እውነተኛ አልነበረም፤ እነርሱ ግን እውነተኛ መስሎአቸዋል። ተማሪው ግድግዳውን ሲደበድብ፥ በኋላም ጭራሽ ዝም ሲል እየሰሙ፥ ከ40 ሰዎች 26ቱ እስከ መጨረሻው እስከ 450 ቮልት ደረሱ። ብዙዎቹ ላብ አጠመቃቸው፥ ተንቀጠቀጡ፤ ሆኖም ቀጥሉ ሲባሉ ቀጠሉ። እነዚህ ሕሊና አልጐደላቸውም፤ ሕሊናቸው እየጮኸ እጃቸው ታዘዘ እንጂ። ግፈኛ ገዥ የሚፈልገውም ይህን ነው። የሰውን ሕሊና ፈጽሞ መግደል አይጠበቅበትም፤ ከእጁ ቢለይለት ይበቃዋል።

በአገራችን የደረሰው

ይህ ነገር በእኛ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍም አልፎአል። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ በከተማው ሕዝብ ላይ የወረደው መዓት ይታወቃል። ከሦስት ወር በኋላ፥ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት በግንቦት ወር፥ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ቦምብ የጣሉትን ሰዎች ረድታችኋል ተብለው በግራዚያኒ ትእዛዝ፥ በጄኔራል ማሌቲ አስፈጻሚነት ተረሸኑ። የገዳዮቹ የራሳቸው ቴሌግራም የገዳሙን ምክትል አስተዳዳሪ ጨምሮ 297 መነኮሳትና 23 ምእመናን መገደላቸውን ይናገራል፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ከዚያ ወዲህ የመረመሩ ጸሐፊዎች የሟቾቹ ቍጥር ከዚህ እጅግ የሚበልጥ መሆኑን አስረድተዋል። ግራዚያኒም ካህናቱን ሁሉ ያንቀጠቀጠ ርምጃ ለመውሰድ የሚያስችል ጽናት ስለ ነበረው እንደሚኰራ ለአለቆቹ ጻፈ። ምእመናን ሆይ፥ ይህን አስተውሉ። ሌላው ሰው ቢያደርገው ዕድሜውን ሙሉ እንቅልፍ የሚነሣውን ነገር እርሱ እንደ ሽልማት ቈጠረው። ከጦርነቱ በኋላ በአገሩ በ1950 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከጀርመኖች ጋር በመተባበር የ19 ዓመት እስራት ተፈረደበት፥ በዚያው ዓመትም ተፈታ፤ በኢትዮጵያ ላይ ስለ ሠራው ግን ሳይዳኝ በ1955 ሞተ። በ2012 በአፊሌ መንደር የመታሰቢያ ሐውልት ተሠራለት። ሰውዬው ማዘን ባይችል አያስደንቅም፤ ይልቁን የሚያስደነግጠው ማዘን የሚችሉ ሰዎች ሳያዝኑ መቅረታቸው ነው።

ነገር ግን ግፍ የባዕድ ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እናታልላለን። የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. በደርግ ከመንበራቸው ተነሥተው ታሰሩ፥ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ዐፅማቸውም የተገኘው መንግሥቱ ከተለወጠ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ይጣል ነበረ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳያለቅሱ ይከለከሉ እንደ ነበረ፥ ሬሳ ለመውሰድም የጥይት ዋጋ ይጠየቁ እንደ ነበረ ብዙ ምስክሮች ተናግረዋል። ስም ዝርዝር የጻፈው፥ በር ያንኳኳው፥ ጐረቤቱን የጠቈመው ሰው ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ ከእኛው መካከል የተጠመቀ፥ በዓል የሚያከብር፥ ምናልባትም የንስሐ አባት የነበረው ሰው ነበረ።

ልቅሶ የሚከለከለው ስለ ምንድን ነው? ሕሊና ቢስ ሥልጣን ሕዝብ ሲያለቅስ ይፈራል፤ እንባ የሕሊና ምስክር ነውና። ማልቀስ የማይችል ገዥ፥ ሕዝቡም እንደ እርሱ ማልቀስ እስኪያቅተው ድረስ አያርፍም። ዳዊት ግን ሊገድለው ለሚያሳድደው ለሳኦል አለቀሰ፤ ዙፋኑን ለነጠቀው ለአቤሴሎምም አለቀሰ።

ሥልጣን የሚመረመርበት ሚዛን

ታዲያ እኛ ሐኪሞች ሳንሆን ሕሊና ያለውን ባለሥልጣን ሕሊና ከሌለው በምን እንለያለን? ኃጢአት በመሥራቱ ነው ብንል ዳዊትም ኃጢአትን ሠርቶአል፤ የኦርዮን ሚስት ወሰደ፥ ኦርዮንም በደብዳቤ አስገደለ። ሥራው ከኤልዛቤል ሥራ ምን ያህል ይለያል? ልዩነቱ የታየው ናታን በገባ ጊዜ ነው። ናታን የድኻውን ሰው በግ ምሳሌ ነግሮ ጣቱን ወደ ንጉሡ ቀሰረ፤ ዳዊት ግን ናታንን አላሰረም፥ በደሉን አምኖ አለቀሰ እንጂ። እንግዲህ ሚዛኑ ይህ ነው ብለን እናምናለን፤ ባለሥልጣን የሚታወቀው በሚገሥጸው ሰው ላይ በሚያደርገው ነገር ነው።

በዚህ ሚዛን ሌሎቹንም ብንመዝን ይታያሉ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ390 ዓ.ም. ንጉሥ ቴዎዶስዮስ በተሰሎንቄ ሹሙ ስለ ተገደለበት ተቈጥቶ ብዙ ሕዝብ አስፈጀ፤ ታሪክ ጸሐፊው ቴዎዶሪጦስ ሰባት ሺህ ነበሩ ይላል። የሚላኖው ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ ንስሐ ሳይገባ ቅዱስ ቍርባን እንደማያቀብለው ባስታወቀው ጊዜ ንጉሡ ልብሰ መንግሥቱን አውልቆ በሕዝብ ፊት አለቀሰ። ሄሮድስ ግን የዮሐንስን ራስ በወጭት አስመጣ፤ ንግሥት አውዶክስያም ዮሐንስ አፈ ወርቅን አሰደደች፥ እርሱም በ407 በስደት መንገድ ላይ ዐረፈ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን ለወራሪ ተገዙ ብለው እንዲሰብኩ ቢጠየቁ እንቢ በማለታቸው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ተረሸኑ።

በአገራችን ሰማይ አይታረስ፥ ንጉሥ አይከሰስ የሚል የቈየ አነጋገር አለ። ናታን ግን ንጉሡን ከሰሰ፥ ኤልያስም ከሰሰ፥ ዮሐንስም ከሰሰ። ንጉሥ የማይከሰስ ከሆነ ነቢያት ለምን ተላኩ?

ነገር ግን የአክዓብ ታሪክ በችኰላ እንዳንፈርድ ያስተምረናል። ኤልያስ ስለ ናቡቴ ደም በገሠጸው ጊዜ አክዓብ ልብሱን ቀደደ፥ ማቅ ለበሰ፥ ጾመም፤ እግዚአብሔርም መዓቱን በእርሱ ዘመን እንዳያመጣ አዘገየለት። ስለዚህ በየትኛውም ሰው ላይ ሕሊናው ፈጽሞ ሞቶአል ብለን የመጨረሻውን ፍርድ መስጠት የእኛ አይደለም። ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ ያው አክዓብ 400 ነቢያት ድል ታደርጋለህ እያሉ ሲያሞግሱት እውነቱን የነገረውን ብቸኛውን ሚክያስን ወደ እስር ቤት ሰደደው። ንስሐው የተፈተነው በማቁ አይደለም፤ ቀጥሎ በመጣው ገሣጭ ነው። ስለ አራት መቶዎቹም እናስብ፤ በቍጥር ብዙዎች ነበሩ፥ በድምፅ አንድ ነበሩ፥ ንጉሡን ግን ወደ ሞቱ ሸኙት። የሚያሞግስ አገልጋይ ሰው ያከበረ ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን ገዥውን የመጨረሻ መዳኛውን ማሳጣት ነው።

ሰው ምናልባት፥ ገዥው ሕሊና ከሌለው መገሠጽ ምን ይረባል? ይለን ይሆናል። መልሳችን ይህ ነው፤ ተግሣጽ ለገዥው ብቻ አይነገርም፥ እጃቸውን ለሚያበድሩት ሁሉ ይነገራል። የናዚ መንግሥት ሕሙማንንና አካለ ጐደሎዎችን በስውር ሲገድል ሳለ፥ በሙንስተር የካቶሊክ ጳጳስ የነበሩት ክሌመንስ ፎን ጋለን በነሐሴ 1941 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነገሩን በስብከታቸው በግልጥ አወገዙት፤ ስብከቱም እየተገለበጠ በየአገሩ ተበተነ። በዚያው ወር ሂትለር ሥራው እንዲቆም አዘዘ፤ እስከዚያም ድረስ ከ70 ሺህ በላይ ሰዎች ተገድለው ነበረ። ግድያው ከዚያ በኋላ በሌላ መንገድ በስውር ስለ ቀጠለ የገዥው ልብ ተለወጠ አንልም። ነገር ግን የሕዝቡ ሕሊና ተቀሰቀሰ፤ ሕሊና ቢሱም ገዥ የፈራው ይህን ነበረ።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፥ ካህኑ በንስሐ ትምህርቱ ትእዛዝ ነው የሚለውን ማመካኛ ከሰው ልብ ይንቀል። ሐሰተኛ ምስክር የሚሆን፥ በማያምንበት ወረቀት ላይ የሚፈርም፥ ጐረቤቱን በሐሰት የሚጠቍም ሰው ስለ ሥራው በእግዚአብሔር ፊት ራሱ እንደሚጠየቅ ይንገረው። ይህንም የሚነግረው መከራው ከደረሰ በኋላ አይሁን፤ በሰላሙ ቀን ይሁን። በሰላም ቀን ትንሹን ሐሰት እንቢ ማለት ያልተማረ ሰው በመከራ ቀን ታላቁን እንቢ ሊል አይችልም።

ሁለተኛ፥ አዲስ ሹም በተነሣ ቍጥር ከፍሬው በፊት ውዳሴ አንቸኵል። በቅዳሴያችን ስለ መሪዎች መጸለያችን የሚገባ ነው፤ ጸሎት ግን ለእግዚአብሔር ይቀርባል፥ ሙገሳ ለሰው ይቀርባል። ቤተ መቅደስ የሚያምረው ገንዘብም ሆነ ስሙ ለአቤሜሌክ መሰላል እንዳይሆን እንጠንቀቅ።

ሦስተኛ፥ ለሙታን ማልቀስን አንተው። ፍትሐት ማድረግ፥ የተገደሉትን በስማቸው መጥራት፥ ተዝካራቸውን ማድረግ ሕዝብ ሕሊናውን የሚጠብቅበት ምግባር ነው፤ ሟቹ ከየትኛው ወገን ነው? ብሎ ከጠየቀ በኋላ የሚያለቅስ ሰው ግን ግማሽ ሕሊናውን አስረክቦአል።

አራተኛ፥ መልካሞቹ ዛፎች አይሽሹ። በሰበካ ጉባኤ፥ በማኅበር፥ በዕድር ሳይቀር አለቃ ስንመርጥ አንደበቱን ሳይሆን፥ ምንም ሊጠቅመው የማይችለውን ድኻ እንዴት እንደሚይዝ፥ ስሕተቱን የነገረውን ሰውም እንዴት እንደሚመልስለት እንመልከት። በትንሹ ወንበር ያልተመረመረ ሰው በትልቁ ወንበር አይመረመርም።

አምስተኛና የሁሉም መሠረት የሆነው ራስን መመርመር ነው። እያንዳንዳችን ትንሽ ሥልጣን አለን፤ አባት በቤቱ፥ መምህር በተማሪው፥ አለቃ በደብሩ፥ ጸሐፊ በማኅተሙ ይሾማል። ሚስታችን፥ ልጃችን፥ ደቀ መዝሙራችን ስሕተታችንን ሲነግረን ምን እናደርጋለን? እናመሰግናለን ወይስ እንበቀላለን? የሥልጣን ሚዛን ያልነው በእኛም ላይ ይመዝናል።

እግዚአብሔር አምላካችን በአገራችን መሪዎች ሁሉ ልብ የሚያዝን ሕሊናን ያኑር፤ ለካህናቱ የናታንን ድፍረትና ጥበብ ይስጥ፤ ለሕዝቡም ከግፍ የሚታቀብ እጅና የማይደርቅ እንባ ይስጥልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።